በነጻ የታደለን ዩኒፎርም በልጁ ልክ ማስተካከል

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒፎርም በነጻ ስለሚታደል፣ መስከረም ላይ ስፌት ቤቴ የሚገባው ሥራ በአብዛኛው ማስተካከል ሆኗል። ልብሱ የሚሰፋው በደረጃ ነው፤ ልጅ ደግሞ በደረጃ አይፈጠርም። ጨርቁ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ሱሪው በመርፌ ቁልፍ የተያዘለት ልጅ ሰልፍ ላይ ከሩቅ ይለያል። ወደ ሰሌዳ ሲጠራ ወገቡን ይዞ ነው የሚወጣው።

የምለካው ጫማ አስደርጌ ነው። ከዚያ አስቀምጬ አያለሁ፤ ሲቆም ልክ የሆነ ሱሪ ሲቀመጥ ከኋላ ሊይዘው ይችላል።

እናቶች የእግሩን ትርፍ «ቁረጠው» ይሉኛል። እስከ 6 ሳ.ሜ. ያለውን አልቆርጥም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ በእጅ እሰፋዋለሁ። በመኪና ከተሰፋ፣ ልጁ አድጎ ሚያዝያ ላይ ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ ተሰልፎ ይቀራል። የእጥፉን ምልክት ለማጥፋት ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ ነጭ አቼቶ አድርጌ ጨርቅ እነክርና በላዩ መካከለኛ ሙቀት ያለው ካውያ አሳርፋለሁ። ቴትሮን የሚባለው የዩኒፎርም ጨርቅ ፖሊስተር (ሰው ሠራሽ ክር) ስላለበት በጋለ ካውያ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ በኩል መተኮስ ይሻላል። ፀሐይ ያነጣው መስመር ግን በምንም አይጠፋም፤ እዚያ ላይ ሆን ተብሎ የተሰፋ እንዲመስል አንድ ስፌት አስኬድበታለሁ።

ከ6 ሳ.ሜ. በላይ የሆነውን ቆርጬ ለወላጅ እመልሳለሁ። ለጉልበት መጣፊያ ከዚያ የተሻለ ጨርቅ የለም። ገበያ ላይ «ያው ነው» የሚባለው፣ ጣቃው ከተለየ ቀለሙም ይለያል፤ ሱቅ ውስጥ ባይታወቅም ፀሐይ ላይ ያጋልጣል።

ወገቡን ከኋላ መሐል ስፌት እስከ 4 ሳ.ሜ. አጠባለሁ፤ ከዚያ ካለፈ የኋላ ኪሶቹ ይጠጋጋሉ፣ ስለዚህ ቀሪውን ከሁለቱ ጎን እወስዳለሁ። ለትንንሾቹ ላስቲክ አስገባለሁ፣ ግን ከኋላ ግማሹ ብቻ። ዙሪያውን ከገባ ፊት ለፊቱን ያጨማድድና ዚፑን ያበላሸዋል። የጉርድ ቀሚስ ወገብ በጎን ከጠበበ ሽንሽኑ ይዛባል፤ 8 ሽንሽን ካለው ከእያንዳንዱ ግማሽ ሳ.ሜ. ብወስድ 4 ሳ.ሜ. ይጠባል፣ ቅርጹም አይለወጥም።

ሱሪ ቀድሞ የሚተረተረው ብሽሽቱ ላይ ነው፤ በዕረፍት ሰዓት ኳስ የማይጫወት ልጅ ካለ ብቻ ነው የሚተርፈው። ከዚፑ ሥር እስከ ኋላ ወገብ፣ ከመጀመሪያው ስፌት በ2 ሚ.ሜ. ርቀት ሁለተኛ ዙር እሰፋለሁ፤ የስፌቱ እርምጃ፣ ማለትም ከአንዱ የመርፌ ቀዳዳ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ ከ2 እስከ 2.5 ሚ.ሜ. ነው። ጨርቁን ትንሽ ወጠር አድርጌ እይዘዋለሁ፤ ሳይወጠር ከተሰፋ ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ አደርገዋለሁ።

ሹራብ ግን አልነካም። ተቆርጦ ጠርዙ ኦቨርሎክ በሚባለው የጠርዝ መቋጫ መኪና ካልተሰፋ ይተረተራል፤ እጅጌውን አጥፎ መልበስ ይበቃል።