ፍላግ በተቀየረ ቁጥር ሁሉንም ማጥፋት ለምን?

የምሠራው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ካለው ቤቴ ነው። መብራት ከጠፋ የቀረኝ የላፕቶፑ ባትሪ ነው። ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክት ከዜሮ ቢልድ ማድረግ ደግሞ ባትሪውን ይበላዋል። ስለዚህ ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ አማራጭ) ሲቀየር "ሜክ ክሊን በልና እንደገና ጀምር"፣ ማለትም የተሠራውን ሁሉ አጥፋ፣ የሚለው ምክር ለኔ መፍትሔ አይደለም። ሜክ ፕሮጀክቱን ቢልድ የሚያደርገው መሣሪያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦ0፣ ማለትም ያለ ኦፕቲማይዜሽን፣ ስትሠሩ ቆይታችሁ ፍላጉን ፕሮግራሙን ወደሚያፈጥነው ኦ2 ትቀይራላችሁ። ሜክ ግን ሁሉም ተሠርቷል ብሎ ዝም ይላል። ይባስ ብሎ ደግሞ በቅርብ የነካችኋቸውን ፋይሎች ብቻ በኦ2 ኮምፓይል አድርጎ ከድሮዎቹ ጋር ሊንክ ያደርጋቸዋል። ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ኤረር የለም። ከዚያ ፍጥነቱን ትለኩና "ኦ2 እኮ ምንም አልጨመረም" ትላላችሁ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ኤረር ቢመጣ በስንት ጣዕሙ!

ሜክን ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ሲሠራው የሚያየው ፋይሎች መጨረሻ የተቀየሩበትን ሰዓት ነበር፣ ዛሬም እሱኑ ነው። ፍላግ ፋይል ስላልሆነ ሰዓት የለውም። እንግዲያው ፋይል አድርጉት። ሜክ በተጠራ ቁጥር ፍላጎቹን ከኮምፓይለሩ ስምና ቨርዥን ጋር ካለፈው ጽሑፍ ጋር ያወዳድር፣ ከተለየ ብቻ ፋይሉን ይጻፈው፣ ኦብጀክት ፋይሎቹ (ከየኮድ ፋይሉ ኮምፓይል ሆነው የሚወጡት) ሁሉ ደግሞ በዚህ ፋይል ላይ ይደገፉ። "ከተለየ ብቻ" የምትለዋን አትርሷት፤ ዝም ብሎ ከጻፈው ሁሌም ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይሠራል።

የሊኑክስ ከርነልም እያንዳንዱ ኦብጀክት የተሠራበትን ትእዛዝ በድብቅ ፋይል አስቀምጦ ያወዳድራል። ኒንጃ የሚባለው ሌላ የቢልድ መሣሪያ ደግሞ ሎጉ ውስጥ የትእዛዙን ሃሽ (አጭር አሻራ) ስለሚይዝ ይሄን ያለ እናንተ ልፋት ያደርገዋል።

ከኦ0 ወደ ኦ2፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ኦ0 የሚመላለስ ሰው ግን በፍላግ ፋይሉ ብቻ አይድንም፣ በተመለሰ ቁጥር ሙሉ ቢልድ ይጠብቀዋል። እኔ ለዲበግ አንድ ፎልደር፣ ለሪሊዝ ሌላ ፎልደር ነው የምይዘው። ሲካሽም (ኮምፓይል የተደረገውን አስቀምጦ መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ) ይጫን፤ ፍላጎቹን ከኮዱ ጋር አብሮ ሃሽ ስለሚያደርግ ያኛውን ከዚህኛው አያምታታም።

የናንተ ሜክፋይል ፍላግ ሲቀየር ያውቅ እንደሆነ ለማየት ባትሪ ማቃጠል አያስፈልግም። ፍላጉን ቀይሩና ሜክን በማይነስ ኤን (-n) ጥሩት። የሚያደርገውን ይዘረዝራል እንጂ ኮምፓይል አያደርግም። የኮምፓይል ትእዛዞቹ ካልተዘረዘሩ አያውቅም ማለት ነው።