አሞጽን ከአንድ ጥቅስ ውጭ ያነበብኩበት ጊዜ

የመጽሐፍ ቅዱሱን ነቢይ አሞጽን ለብዙ ዓመት የማውቀው በአንድ ጥቅስ ነበር፤ ምዕራፍ 9 ቁጥር 7። «የእስራኤል ልጆች ሆይ፥ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ስማችን ስላለበት ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን። በጥናት ቡድናችን ተራ ሲደርሰኝ ይህንኑ ይዤ ስለ ክብራችን ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ስጨርስ አንድ አባት «ልጄ፣ እስቲ የሚቀጥለውን ቁጥር አንብብልን» አሉኝ። አነበብኩት። ስለ ኃጢአተኛ መንግሥትና ስለ ጥፋቱ ነው የሚናገረው። እሳቸው ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ፊቴ ይግል ነበር።

በማግስቱ ከምዕራፍ 1 ጀመርኩ። ዘጠኙንም ምዕራፎች ድምፄን ከፍ አድርጌ በአንድ ቁጭታ ጨረስኩ። አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ሰው ቆሞ የሰማው ንግግር ስለሆነ በዓይን ብቻ ሲያልፉበት ብዙ ነገር ያመልጣል።

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ የጠራቸውን አገሮች በየቦታቸው ጻፍኩ። ደማስቆ ሰሜን ምሥራቅ፣ ጋዛ ደቡብ ምዕራብ፣ ጢሮስ ሰሜን ምዕራብ፣ ኤዶም ደቡብ ምሥራቅ። ደማስቆን ከጋዛ፣ ጢሮስን ከኤዶም በመስመር ሳገናኝ ሁለቱ መስመሮች ከሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት ዋና ከተማ ከሰማርያ ብዙም ሳይርቁ ተቋረጡ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁት። አሞንና ሞዓብ ይከተላሉ፤ ከዚያ ይሁዳ። የሰሜኑ ሰው የጠላቶቹ ስም በተጠራ ቁጥር «ይበላቸው!» ሳይል አይቀርም። ስምንተኛው ስም ግን የራሱ የእስራኤል ነው። ችግረኛውን በአንድ ጥንድ ጫማ የሸጠው እሱ ነው።

9፥7ም የገባኝ ያኔ ነው። ዕብራይስጡ «ኩሽ» ይላል፤ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ምድር ነው። እዚያው ቁጥር ላይ እግዚአብሔር ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፣ ሶርያውያንን ከቂር ያወጣሁ እኔ ነኝ ይላል። «ከግብፅ ስላወጣን ምንም አይነካንም» የሚለውን ትምክህት ነው የሚያፈርሰው። እኔ ደግሞ ያንኑ ጥቅስ ለራሴ ትምክህት ተጠቅሜበት ነበር።

አሞጽ ራሱ ከቤተ ልሔም በስተደቡብ ካለችው ከቴቁሔ የመጣ የይሁዳ ሰው ነው። ዘመኑ ዖዝያን በይሁዳ፣ ዳግማዊ ኢዮርብዓም በእስራኤል የነገሡበት 8ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ነው። አገሩ ደልቶት ነበር። የቤቴል ካህን አሜስያስ «ወደ ይሁዳ ሂድ፣ እንጀራህንም እዚያ ብላ» ሲለው፣ እኔ ከብት ጠባቂና የዛፍ ፍሬ ለቃሚ ነኝ አለው። መጽሐፋችን ወርካ ይለዋል እንጂ ዛፉ እኛ ሾላ የምንለው ነው። ፍሬው ቶሎ እንዲበስል በስለት ይጫር ነበር።

ምዕራፍ 8 ላይ ግን ድምፄ ተያዘ። ሰንበት አልፎ እህል እስኪሸጡ የቸኮሉ፣ መስፈሪያ የሚያሳንሱ፣ የስንዴውን ግርድ ሳይቀር የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። እኔ እህል ቤት ነው የምሠራው። ግርድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከጆንያው ሥር ተጠርጎ ከደህናው ጋር ሲቀላቀል አይቻለሁ።

ሰኞ ሱቁን እንደከፈትኩ የአንድ ኪሎውን ድንጋይ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ። መርፌው አንድ ኪሎን አለፍ ብሎ ቆመ። ከዚያ በፊት መቼ እንደፈተሽኩት ላስታውስ አልቻልኩም።