አባቴ ቡዳፔስት ተመዘገበ

«እሺ፣ አገሩ እንዴት ነው?»

ቱሉ ዲምቱ ከተመለስኩ አምስት ቀኔ ነው። ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደተጠየቅኩ መቁጠር ትቻለሁ። የታችኛው ፎቅ እማማ ጀሪካን ይዤ ደረጃ ስወጣ አስቁመው ጠየቁኝ። ባለሱቁም ጠየቀኝ። ለሁሉም መልሴ «ጥሩ ነው» ነው። የአንድ ዓመት ነገር ደረጃ ላይ ቆሞ አይወራማ! ዛሬ ዝናቡም አላስወጣ ብሎኛል፣ ደግነቱ መብራት አለ፤ እስቲ ልጻፈው።

የሄድኩት ሀንጋሪ ነው። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሰጠው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የሚባል ስኮላርሺፕ አለ። የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል፤ ለማደሪያና ለኪስም የሆነች ነገር ይሰጣል። ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ላይ ተነሳሁ።

እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈታ አሰረችው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ንጥር ቅቤ በሃይላንድ ሞልታ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ በፕላስተር አሽጋ ጋቢዬ ውስጥ ሸጎጠችው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የወተትና የሥጋ ውጤት ይዞ መግባት እንደሚከለክል ነገርኳት። «ቅቤ መድኃኒት ነው እንጂ ምኑ ወተት ነው?» አለች። ተከራከርን። ቅቤው ቀረ። እስከ ቦሌ ድረስ አኩርፋኝ ነበር።

ሌሊት በርሬ ጠዋት ቪየና ገባሁ። ከዚያ ሦስት ሰዓት የማይሞላ የባቡር መንገድ ነው። በመስኮት ሜዳ፣ ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ። ያን ሁሉ ማሳ ሳይ አንድ ሰው እንኳ ቆሞ አላየሁም።

ቡዳፔስት ስደርስ ቀድሞ ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። እኔ ያደግኩት የአዳማው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት፣ በከተማው ዳር ነው። ጠዋት ከብሎካችን ስወጣ ረዳቶቹ ገና ከሩቁ «ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ ሳሪስ!» እያሉ ይጠሩኛል። የምሄድበት ቢጠፋኝ እንኳ አንዱ ጎትቶ ያስገባኛል። እዚያ ማንም አይጠራም። ሁሉ ነገር ተጽፏል። ትራሙ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይሄዳል። ያ ሁሉ ሰው ታጭቆ ትንፍሽ የሚል የለም። እኔም ሳላውቀው ለመድኩት መሰለኝ፣ አንድ ቀን እናቴ ደውላ «አንቺ፣ ምን ያንሾካሹክሻል? አሞሻል እንዴ?» አለችኝ።

በዚሁ ትራም ነው የተቀጣሁት። ትኬት ገዛሁ፣ ኪሴ ከተትኩ፣ ተቀመጥኩ። ለእኔ ሂሳብ ከተከፈለ አለቀ። ለካ በሩ አጠገብ ያለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ማስመታት ነበረብኝ። ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረ ተቆጣጣሪ መጣ። ትኬቴን በኩራት ሰጠሁት። ገልብጦ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ሳጥኗን እያየኋት ነው ያለፍኳት። ግን ቅጣቱን ወደ ብር መንዝሬ፣ በዚያ ገንዘብ ስንት ጊዜ ሳሪስ ደርሼ እንደምመለስ ሳሰላ የዚያን ቀን ምሳ አልወርድ አለኝ። የእኛ ረዳት ሳንቲም እያንቃጨለ «ሂሳብ ከኋላ!» ሲል ያናድደኝ ነበር። ናፈቀኝ።

ከሁሉ የባሰው የስም ነገር ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የለን! የአባቴን ስም ጻፍኩ። ሀንጋሪዎች ደግሞ የቤተሰብን ስም ያስቀድማሉ። እኛ ፈረንስ ፑሽካሽ የምንለው ኳስ ተጫዋች በአገሩ ፑሽካሽ ፈረንስ ነው። እናም ክፍል ውስጥ መምህሩ የአባቴን ስም ይጠራል፣ እኔ እጄን አወጣለሁ። ለአባቴ በስልክ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ቀረሁ እያልኩ ስቆጭ ኖሬ፣ ይኸው ገባሁ!» አለ። ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር ሰላምታው «ዛሬ ምን ተማርኩ?» ነው። ፈተና የወደቅኩ ቀን «ዛሬስ ወድቀሃል» አልኩት።

ቋንቋቸውን ተዉት። ፊደላቸው በላቲን ነው፣ ግን 44 ነው። እኛ ስናይ «ስ» የሚመስለን ፊደል «ሽ» ነው የሚባለው። ቡዳፔስት ብዬ ሄጄ ቡዳፔሽት ሆና አገኘኋት። ሲገናኙ «ሲያ» ይላሉ፣ ሲለያዩም «ሲያ»፤ አንዳንዱ ደግሞ ሊሄድ ሲል «ሄሎ» ይላል። እኔ መጀመሪያ የያዝኳት ቃል «ኬሴኔም» ናት፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ለሁሉም ነገር ኬሴኔም አልኩ። ለተቆጣጣሪውም ጭምር።

ቢጫዋን የምድር ውስጥ ባቡር ግን ወደድኳት። ትንሽዬ ናት፤ ጥቂት ደረጃ ወርዶ ነው የሚገኘው፣ ጣቢያዎቿ ነጭ ሸክላ የለበሱ ናቸው። ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1896 ነው። ይህን ሳነብ ቀኑን መለስ ብዬ አሰላሁት፤ የአድዋ ድል በሆነ በሁለት ወሩ! ወዲያው ለክፍል ጓደኞቼ አድዋን ማስረዳት ጀመርኩ። አንድ ጣሊያናዊ ተማሪ አብሮን ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ አዳመጠኝ።

እንቁጣጣሽ በደረስኩ በሳምንቱ ውስጥ ሆነ። ማንም የሚያውቅ የለም። አብራኝ ለምታድረው ልጅ «ዛሬ አዲስ ዓመት ነው» ስላት ስልኳን አውጥታ ቀኑን አየች።

ከዚያ ብርዱ መጣ። ብርዱ ይቻላል፣ ካፖርት አለው። ያልቻልኩት ጨለማውን ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ክፍል ገብቼ ስወጣ ሌሊት ነው። አንድ ቀን ማደሪያዬ መስኮት ላይ ሆኜ እናቴን አናገርኳት።

«መሸ እኮ» አልኳት።

«እዚህም መሸ» አለች።

መጀመሪያ ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ልክ ናት። በብርድ ወራት በሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ የእነሱ 10 ሰዓት የእኛ 12 ሰዓት ነው። ታኅሣሥን ቡዳፔሽትና ቱሉ ዲምቱ በአንድ ላይ ይጨልማሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልክ ሲጨልም እደውልላት ነበር። የምናወራው ባይኖርም እሷ መብራት ስታበራ የማብሪያው ድምፅ ይሰማኛል። አንዳንዴም «ዛሬ መብራት የለም» ትለኛለች፣ እኔም የእኔን አጠፋዋለሁ።

ትናንት ሳሪስ ልሄድ ወጣሁ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ረዳቱ ከሩቁ ጠራኝ፣ ገፋ አድርጎ አስገባኝ፣ ሦስት ሰው በተቀመጠበት አራተኛ አደረገኝ። ሂሳብ ሰጠሁት። ሳልጠይቀው መልሴን ቆጥሮ እጄ ላይ አደረገልኝ።

«ኬሴኔም» አልኩት፣ ሳላስበው።

«ቄራ አይደለም እህቴ» አለኝ፣ «ሳሪስ ነን።»