ኪራዩን ማን ይቀበላል?

ቢሮዬ ከአያት ወዲያ፣ የከተማው ዳር ላይ ናት። አብዛኛው ሥራዬ የቤት ሽያጭ ውል ነው። አንድ ቀን ባልና ሚስት ከደላላ ጋር መጡ። ቪላ ሊገዙ ነው። ቀብድ ሰጥተዋል፤ የቀራቸው ውሉ ብቻ ነው።

የሻጩ ወረቀት ሙሉ ነው። ካርታው በስሙ ነው። ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ ነው። ያላገባ ማስረጃም ሰሞኑን ከወረዳ አውጥቷል። ደላላው «ጠበቃ፣ ምን ቀረ?» እያለ ሰዓቱን ያያል።

እኔ ደግሞ ቤቱን ሳላይ ውል አልጽፍም። ጠበቃ ቤት አይቶ ምን ሊያደርግ ነው የሚሉ አሉ። የምሄደው ግድግዳውን ለማየት ሳይሆን ግቢው ውስጥ ማን እንዳለ ለማወቅ ነው። ሰርቪሱ ውስጥ አንዲት ተከራይ ነበረች። ሻጩ ስልክ ሊያወራ ወጣ ሲል ጠየቅኳት።

«እህቴ፣ ኪራዩን ለማን ነው የምትከፍሉት?»

«ለእትዬ ነዋ! በየወሩ ባንክ አስገባላቸዋለሁ።»

«የትኛዋ እትዬ?»

«የቤቱ ባለቤት ናቸዋ። የሳቸው ሚስት የነበሩት።»

ሻጩን ለብቻው ያዝኩት። አልካደም። በፍርድ ቤት ተፋትተዋል፤ ንብረት ግን አልተካፈሉም። ቤቱ የተገዛው በትዳራቸው ጊዜ ነው። «ካርታው እኮ በእኔ ስም ነው፤ ሚስትም የለኝም» አለ። የሚገርመው ሁለቱም እውነት ነው። ያላገባ ማስረጃው የሚናገረው ግን ስለ ዛሬ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ፣ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ይላል። መፋታት ብቻውን ድርሻዋን አያጠፋውም። ሻጩ ብቻውን ቢፈርም ኖሮ ገዢዎቹ ከቤቱ ጋር ክስም ይገዙ ነበር።

እነሱን ያስደነገጣቸው ግን ቀብዱ ነው። ደላላው «ከተዋችሁት ብሩ ቀለጠ» ብሏቸዋል። ግማሹ እውነት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይቺን ሁለተኛዋን ደላላ ሲያነሳት ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ደግሞ የተወ ሰው የለም፤ ችግሩ ሻጩ ብቻውን የማይሸጠውን ቤት ብቻውን ሊሸጥ መምጣቱ ነው። ይህን ስነግረው ራሱ ስልኩን አውጥቶ ደወለላት።

ባልየው በመሀል «እዚሁ በምስክር ፊት ብንፈራረምስ?» ብሎኝ ነበር። አይሆንም አልኩት። አንቀጽ 1723 የቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል።

ሴትየዋ መጣች። ረጋ ያለች ሰው ናት። ሽያጩን አልተቃወመችም፤ «ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» ብቻ አለች። የክፍፍሉን ስምምነት ጻፍን። ውልና ማስረጃ ሁለቱም ሻጭ ሆነው ፈረሙ። ዋጋውም በየስማቸው በሁለት ሲፒኦ ተከፈለ። ደላላው ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ተቀብሎ፣ አሁንም «ያ ጠበቃ ሥራ ያጓትታል» እያለ ያማኛል አሉ።