ከነገር ወደ ጭብጥ

ባለፈው ሳምንት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በፌስታል የታጨቀ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ መጡ። ገና አረፍ ሳይሉ «ልጄ፣ ዘመኑ ከፋ» ብለው ጀመሩ። ታሪካቸውን እዚህ የማነሣው ፈቃዳቸውን ጠይቄና ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼ ነው፤ ደንበኛ አምኖ የነገረውን ምስጢር መጠበቅ ከጠበቃ ግዴታዎች ሁሉ ፊተኛው ነው ብዬ አምናለሁና።

ከአንድ ሰዓት በላይ አዳመጥኋቸው። የሚኖሩበትን ቤት የሸጠላቸው ሰው የሟች ባለቤታቸው የክርስትና ልጅ እንደነበረ፣ በባለቤታቸው ለቅሶ ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ከደጃቸው እንዳልጠፋ፣ እሱ ራሱ ከሞተ በኋላ ግን ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ፊታቸውን እንደሚያዞሩባቸው ነገሩኝ። ከዚህ ሁሉ ለፍርድ ቤት የሚጠቅመው ከጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አይበልጥም። ሆኖም አላቋረጥኋቸውም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ለእኛ ሙያ የተነገረ ይመስለኛል፤ ባለጉዳይ እንደ ዋዛ የሚያልፈው ነገር ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚያቆመው ምሰሶ ሆኖ ይገኛል። እሳቸውም ወደ መጨረሻው ላይ፣ ስለ ልጆቹ ክፋት እየተናገሩ ሳለ፣ «ግማሹን ገንዘብ እኮ በባንክ ነው የላክሁለት» አሉ። እስክሪብቶዬን ያነሣሁት ያን ጊዜ ነው።

ከፌስታሉ ሥር ደግሞ፣ ከውሃና ከመብራት ደረሰኞች በታች፣ ለአራት የታጠፈ የፍርድ ቤት መጥሪያ ወጣ። የሻጩ ልጆች «ቤቱ በውርስ የእኛ ነው፣ ይልቀቁልን» ብለው ከሰዋቸዋል። የመከላከያ መልስ ለማቅረብ የቀረው ስምንት ቀን ብቻ ነበር። ለካ ወረቀቱን ከፍርሃት የተነሣ ከሥር ቀብረውት ኖሯል። ቀኑ ቢያልፍ ችሎቱ መልስ የማቅረብ መብታቸውን አልፎ ጉዳዩን መስማት ሊቀጥል ይችል ነበር። በዚህ ምክንያት ማንም ሰው ሲመጣ ታሪኩን እየሰማሁ ቀን መፈለግን ልማድ አድርጌዋለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ክስ ማቅረብ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው፤ በአራተኛው ወር የመጣን ሰው፣ የቱንም ያህል ቢበደል፣ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ፣ አልፏል ብሎ መሸኘት በሥራዬ ከሚከብዱኝ ነገሮች ሁሉ የባሰው ነው።

ብዙ ሰው ጠበቃ ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት አንደበተ ርቱዕ ተናጋሪ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋቹም ነገረ ፈጁም በምሳሌና በግጥም እየተናገረ ዳኛውንና ታዳሚውን ይማርክ ነበር፤ እኔም ያን ባህል ከልቤ አከብረዋለሁ። የዛሬው የፍትሐ ብሔር ክርክር ግን በአብዛኛው የሚገነባው በጽሑፍ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 222 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ በቁጥር 223 ደግሞ የምስክሮችና የሰነዶች ዝርዝር አብሮ መያያዝ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በጊዜው ያልተያያዘን ሰነድ በኋላ ለማቅረብ በቂ ምክንያት ማሳየት ግድ ይላል። ጭብጥ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ መርምሮ የሚወስንበት ጥያቄ፣ የሚመሠረተውም ግራ ቀኙ የተካካዱበትን ነጥብ በመለየት ነው። በደልና ሐዘን፣ ዝምድናና ቂም የተቀላቀለበትን ነገር አበጥሮ ዳኛ ሊወስንበት ወደሚችል ጥያቄ ማምጣትና የሚጠየቀውን ዳኝነት በትክክል ማስቀመጥ ለእኔ የጥብቅና ዋናው ችሎታ ነው፤ ንግግር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የእኚህ እናት ውል የመንደር ውል ነው፤ በፍርድ ቤትም ሆነ በውል አዋዋይ ፊት አልተደረገም። ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ እሳቸውም ገብተው አጥሩን አሳጥረው ማዕድ ቤት ሠርተውበታል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በዚህ ቁጥር ላይ ከአንድ በላይ ውሳኔ ሰጥቷል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ፣ ሕጉን ብቻ አንብቦ መከራከር አይበቃም፤ የችሎቱ ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች አገላብጦ የእነዚያ ጉዳዮች ፍሬ ነገር ከእኛው ጋር የት እንደሚገጥም፣ የት እንደሚለያይ መመርመር ያስፈልጋል። ሁለት ሌሊት ያመሸሁት በዚህ ነው። በመጨረሻም መልሱን በሁለት እርከን ጻፍሁት፦ በመጀመሪያ ውሉ ሊጸና እንደሚገባ፣ ይህ ተቀባይነት ካጣ ደግሞ በተከሳሽ ከሳሽነት፣ ማለትም ተከሳሿ በዚያው መዝገብ በሚያቀርቡት የራሳቸው ክስ፣ ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ በሚለው በቁጥር 1815 መሠረት፣ የከፈሉት ገንዘብና ለቤቱ ያወጡት ወጪ እንዲመለስላቸው። የባንኩ ማስረጃ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ረቂቁን ለአንድ የሙያ ጓደኛዬ ሰጥቼ በከሳሾች ጠበቃ ዓይን እንዲያነበው ጠየቅሁት። በቀይ ቀለም ሞልቶ መለሰልኝ። አንድ ሙሉ ገጽ ስለ ክርስትና ልጅነቱ የጻፍሁትን ሰርዞ በጎኑ «ይህ ምን ያስረዳል?» ብሎ ጽፎበታል። እውነቱን ነው፤ አወጣሁት።

ምስክር የሚሰማበት ቀን ሲደርስ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠብቀናል። ገና ጀማሪ ሳለሁ በአንድ የብድር ክርክር የተቃራኒ ወገን ምስክር የጠራው ወገን በሚያቀርብለት በዋና ጥያቄ ገንዘቡ ሲቆጠር አይቻለሁ አለ። እኔም በተራዬ በተቃራኒ ወገን ጠበቃነቴ በማቀርበው በመስቀለኛ ጥያቄ ቀኑን እንደማያስታውስ፣ ብሩ ስንት እንደነበረም እንደማያውቅ አናገርሁት። እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። እኔ ግን «ታዲያ ውጭ ቆመው ሳለ እንዴት ሊያዩ ቻሉ?» ብዬ ጨመርሁ። ምስክሩም ረጋ ብሎ «ውጭ አልነበርሁም፤ ብሩን እየቆጠርሁ ያስረከብሁት እኔ ነኝ» አለ። ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ አየሁ። ደንበኛዬ በዚያ ክርክር ተረታ፤ በብዕሩ ድምፅ የተሰማኝ ኀፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ በመስቀለኛ ላይ ከማንሣት በፊት ደጋግሜ አስባለሁ፣ አብዛኛውንም እተወዋለሁ።

ትናንት እኚያ እናት መልሱን ሊፈርሙ ተመልሰው መጡ። በቀስታ አነበብሁላቸው። ስጨርስ «ልጄ፣ ቤቴ ይቀርልኛል?» አሉኝ። ገንዘቡን በተመለከተ ጥሩ ማስረጃ እንዳለን፣ ቤቱን ግን ያስቀርልዎታል ብዬ ቃል ልገባ እንደማልችል፣ የዛሬ ብር የያኔውን ቤት እንደማይገዛም ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እስክሪብቶውን ተቀብለው ስማቸውን ፊደል በፊደል ጻፉ። «የባንኩን ወረቀት ሰኞ በጠዋት አመጣዋለሁ» ብለው ተነሡ፤ ባዶውን ፌስታልም አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡት።