የድሮው ማጣሪያዬ ጨው አልተስማማውም

200 ሊትር የሚይዘውን የዓሣ ገንዳዬን ከጨው አልባ ውኃ ወደ ባሕር ውኃ ለመቀየር ስወስን አሸዋውንም፣ መብራቱንም፣ ጨዉንም ሳላመነታ ገዛሁ። የሰሰትኩት ማጣሪያው ላይ ነው። ከገንዳው ሥር የሚቀመጠው ባለ ክዳን ማጣሪያዬ፣ ስፖንጅና የሴራሚክ ቀለበት ሞልቼበት፣ አራት ዓመት ያለ እንከን አገልግሎኛል። በየሦስት ወሩ ከማጠብ በቀር አስታውሼውም አላውቅ። ልምድ ያላቸው ሰዎች «ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውኃው የሚያወጣ መሣሪያ) ግዛ፣ ባክቴሪያ የሚሰፍርበትን ድንጋይም አብዛው» ሲሉኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከመነሻው ነው። በቀለበቶቹ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች አዲሱንም ውኃ ያጠሩልኛል ብዬ ነበር። ጨዉን በአንድ ቀን በሊትር 35 ግራም ሳደርሰው አብዛኞቹ አለቁ፤ ሬሳቸውም በስብሶ ዓሣ የሚመርዝ አሞኒያ ሆነ። ደግነቱ ዓሣ ገና አላስገባሁም ነበር። በዚያው ሰሞን ለቀድሞ ዓሦቼ መዳብ ያለበት መድኃኒት ሰጥቼ እንደነበር ትዝ አለኝ። መዳብ በማጣሪያ ዕቃ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል፤ ስለዚህ ስፖንጁንም ቀለበቶቹንም ጥዬ በአዲስ ተካሁ፤ ውኃውንም በመዳብ መለኪያ ፈተሽኩ። ከዚያ አሞኒያውና ባክቴሪያዎች ከእሱ የሚሠሩት ሌላው መርዝ ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ።

ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት የባሕር ዓሦችና አንድ ለስላሳ ኮራል ካስገባሁ በኋላ ደግሞ የአሞኒያው የመጨረሻ ውጤት የሆነው ናይትሬት መጨመር ጀመረ። በመጀመሪያው ወር 10 ሚሊግራም በሊትር፣ በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 40 አለፈ። ኮራሉ ተኮማተረ። ያን ጊዜ ነው የማጣሪያውን ክዳን የከፈትኩት፤ ስፖንጁ ላይ ጣት የሚውጥ ቡናማ ዝቃጭ ተጋግሯል፣ ሽታውም አያስጠጋም። ስፖንጅ ቆሻሻን ይይዛል እንጂ አያስወግድም። እኔ እስካላወጣሁት ድረስ ውኃው በዚያ ብስባሽ ውስጥ እያለፈ ወደ ዓሦቹ ይመለሳል።

ታዲያ ያው ማጣሪያ አራት ዓመት ሙሉ እንዴት አላስቸገረኝም? መልሱ ገንዳው ውስጥ የነበሩት ዕፅዋት ናቸው። አሞኒያውንም ናይትሬቱንም እየተመገቡ፣ ምስጋናውን ግን ለማሽኑ ስሰጥ ኖሬአለሁ። ባሕር ውኃ ሲገባ ዕፅዋቱ ወጡ፤ ሥራቸውን የሚተካ ግን አላዘጋጀሁም።

ለጊዜው ስፖንጁን በየሳምንቱ ማጠብ ያዝኩ። ቱቦ ነቅሎ፣ ከባዱን ዕቃ ተሸክሞ፣ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ጨዋማ ውኃ መጥረግ ማለት ነው። አምስት ሳምንት ቻልኩ።

ከዚያ ለጌጥ ያስቀመጥኩትን ስድስት ኪሎ ድንጋይ ወደ ሃያ ኪሎ አሳደግሁት። ቀዳዳ የበዛበትና ቀላል ድንጋይ ነው የሚያስፈልገው። በገጽታው ላይ ኦክስጅን የሚወዱ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ይለውጣሉ፤ ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጡ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ከውኃው ያስወጡታል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ የእኔ ማጣሪያ ሠርቶልኝ አያውቅም። ድንጋዩ እንዲሠራ ውኃ ከየአቅጣጫው ሊደርሰው ስለሚገባ ሁለት አነስተኛ ፓምፖች ጨመርኩ። የገዛሁት ባክቴሪያ ገና ያልሰፈረበት ደረቅ ድንጋይ ስለነበር ውጤቱን ለማየት ወራት ወስዷል።

ስኪመሩን በመጨረሻ የገዛሁት እያጉረመረምኩ ነው። መስተዋቱን መብሳት ስላልፈለግሁ ከገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለውን መረጥኩ፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የሊትር መጠን እጅግ ለጋስ ስለሚሆን ለ400 ሊትር የሚባለውን ወሰድኩ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በጨዋማ ውኃ ውስጥ የአየር አረፋ ደቅቆ ይቆያል፣ የተሟሟው የምግብና የዓሣ ኩስ ትራፊ በአረፋው ላይ እየተለጠፈ ወደ ላይኛው ጽዋ ይወጣል። ጨው በሌለበት ውኃ አረፋዎቹ ቶሎ ተዋሕደው ስለሚተልቁ እምብዛም አይሠራም። ቆሻሻው ሳይበሰብስ መውጣቱ ነው ከስፖንጅ የሚለየው። ውኃውንም ያናፍሳል፤ የባሕር ውኃ ከጨው አልባው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ኦክስጅን ስለሚይዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ጽዋው በንጹሕ ውኃ እየሞላ ፈሰሰ። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። በስምንተኛው ቀን ወፍራም አረፋ ተነሣ፤ በማግሥቱ ጽዋው ሥር ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ አገኘሁ። ውኃው ተንኖ ከፍታው ሲቀንስ አረፋው ስለሚደክም በየቀኑ ጨው አልባ ውኃ እጨምራለሁ፤ ጨዉ አይተንምና።

አሁን ናይትሬቱ 10 አካባቢ ረግቷል፣ ኮራሉም ተዘርግቷል። የድሮው ማጣሪያ በወር ለጥቂት ቀናት፣ ውኃው ቢጫ ሲል፣ ለውኃ ማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል ብቻ ይዞ ይሠራል። የስኪመሩን ጽዋ በየሦስት ቀኑ አጥባለሁ፤ መስኮት ከፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ።