ቀስት ያለው ካልሲዬ በመጨረሻ ተረከዜን አለፈ!

ሰላም የሹራብ ወዳጆች፣ ትናንት ማታ ሁለተኛውን እግር ጨርሼ ጥንዱን አድርጌ ቤት ውስጥ ስዞርበት አመሸሁ። ነጭ ላይ ሐምራዊ ቀስቶች፣ ተረከዙና ጣቱ አረንጓዴ። አራት ወር ፈጅቶብኛል፣ ደስታዬን ለናንተ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው።

ሀሳቡ የመጣልኝ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር ጋ ቆሜ ነው። እኛ የምናውቃት በጣሊያን ወረራ ጊዜ እ.ኤ.አ በ1936 ጋዜጣ አቋቁማ ለኢትዮጵያ በመጮኋ ነው፣ ከዛ በፊት ግን እንግሊዝ አገር ሴቶች እንዲመርጡ ስትታገል ሆሎዌይ እስር ቤት የገባች ሰዓሊ ነበረች። እ.ኤ.አ በ1909 ታስረው ለወጡት ሴቶች የሚሰጠውን የደረት ጌጥ የነደፈችው እሷ ናት፣ የፓርላማው ምልክት በሆነው የብረት በር ቅርጽ ላይ ሐምራዊ ነጭ አረንጓዴ ቀስት ያለበት። ያ ቀስት እኮ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ነበር፣ ያኔ እስረኛ ልብስ ላይ ይታተም የነበረ! ሊያዋርዷቸው ያለበሷቸውን ምልክት የራሳቸውን ቀለም ሰጥተው እንደ ሜዳልያ ደረታቸው ላይ አደረጉት። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሌላ ንድፍ አላማረኝም። ቀለሞቹም ትርጉም አላቸው፣ ሐምራዊ ክብር፣ ነጭ ንጽሕና፣ አረንጓዴ ተስፋ።

ተራ ካልሲ መሥራቱ ብዙም አላስቸገረኝም፣ በመርካቶ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ሁለት ጥንድ ተለማመድኩ፣ ከዛ እህቴ ናይለን የተቀላቀለበት የሱፍ ክር ላከችልኝ።

ያስለቀሰኝ ቀስቱ ነው። በ64 ዓይን (መርፌው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቀለበት ዓይን ነው የምለው) ጀመርኩ፣ አንዱ ቀስት 8 ዓይን ስለሚወስድ ዙሪያውን 8 ቀስት። ሲያዩት ያምራል፣ ስለብሰው ግን ተረከዜ ላይ ድርቅ! ቁርጭምጭሚቴን በሜትር ለክቼ ነበር፣ ስህተቱም እዛ ነው፣ መለካት ያለበት ከተረከዝ እስከ እግር ጀርባ ዞሮ የሚመጣው ነው፣ ካልሲው ሲገባ የሚያልፈው በሱ ላይ ነዋ። ባለ አንድ ቀለም ካልሲ ይለጠጣል ያልፋል፣ በሁለት ቀለም ሲሠራ ግን የማትጠቀሙበት ክር ከውስጥ በኩል እየተሻገረ ስለሚሄድ አይለጠጥም፣ እኔ ደግሞ እንዳይላላ ብዬ ክሩን ስቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ ተረተርኩት።

ያዳነኝ ሦስት ነገር ነው። ወደ 72 ዓይን ጨመርኩ፣ 9 ቀስት ሆነ። መርፌውን ቀስቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ከ2.5 ወደ 2.75 ሚሊ ቀየርኩ። ትልቁ ግን ካልሲውን ገልብጦ መሥራት ነው፣ ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ስትሠሩ የሚሻገረው ክር በውጭ በኩል ስለሚዞር መንገዱ ይረዝማል፣ እጃችሁ ቢስብ እንኳን ይተርፋል። ቀለም በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ የሠራችኋቸውን ዓይኖች መርፌው ላይ በጣት ዘርጋ አድርጉ።

ቪዲዮ ላይ "ክሩን ላላ አድርጉ" ብቻ ብለው የሚያልፉት ያናድደኛል፣ እጅ በምክር አይላላም፣ ዘዴ ነው የሚያስፈልገው። ለጀማሪም በአምስቱ አጫጭር መርፌ ጀምሩ ነው የምለው፣ ረጅሙ ባለ ገመድ መርፌ ይፈጥናል ግን የካልሲውን ቅርጽ አያሳይም።

ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ግራው እግር ላይ አንዱ ቀስት አንድ ዓይን ወደ ጎን ሄዷል። ያየሁት ተረከዙን ከጨረስኩ በኋላ ነው፣ መተርተር ነበረብኝ፣ አቅም አጣሁ። ሐምራዊውንም ሳልሞክር ለብ ባለ ውሃ አጥቤ የቀኙ ነጭ ትንሽ ደፍርሷል። እናንተ ቁራጭ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ አርጥባችሁ አሳድሩና እዩት፣ ከለቀቀ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። አሁን አረንጓዴው ክር ተርፎኛል፣ ለእህቴ ልጅ 48 ዓይን ልጀምር ነው፣ ለሕፃን እግር በዚህ ልክ የሠራችሁ ካላችሁ ስንት ቀስት እንዳወጣላችሁ ንገሩኝ።